አራቱም ይወጣሉ

ኦረስት ሁዳክ ትልቁን ዋንጫ ያነሳው ሳይጫወት ነው። ይህን ፕሪንግል ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ደፍሮ የሚያወራውም የለም። በበረዶ ሆኪ አዳራሹ መግቢያ ላይ ፎቶግራፉ ተሰቅሏል፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹ የወለቁ ጎረምሳ የብር ዋንጫ ከራሱ በላይ አንስቶ ይስቃል። የከተማው ሰው ሲገባም ሲወጣም ፎቶውን በጓንቱ መታ መታ ያደርጋል፤ የኛው ልጅ፣ ከዚህ ከስንዴ መሐል ተነስቶ እዚያ ደረሰ እያለ። ኦረስት ራሱ ግን አሰልጣኝ ሆኖ ከተመለሰ ወዲህ በጓሮ በር ነው የሚገባው።

አሥራ አራት ዓመት በሆኪ ኖሯል። አብዛኛውን ዘመን ያሳለፈው በታችኛው ሊግ፣ አውቶቡስ ወንበር ላይ እንደ ጃንጥላ ታጥፎ እየተኛ፣ ከአንዱ ብርዳም ከተማ ወደ ሌላው ብርዳም ከተማ ሲንከራተት ነው። ትልቁ ሊግ የጠራውም ጎል ያገባልናል ብሎ አይደለም። ሥራው ሰው ከሜዳው አጥር ጋር ማላተም፣ እሱን ሲያላትሙት ደግሞ አለመውደቅ፣ ፓክ የምትባለውን ያችን ድንጋይ የመሰለች ጥቁር ጎማ በቅልጥሙ ማስቆም ነበር። ለዚህ ሥራ ጉልበቱንም ጥርሱንም ሰጥቷል፤ አንድ ቀንም አላማረረም። የማይረሳው አንድ ምሽት ብቻ ነው።

አራት ጊዜ ያሸነፈ ዋንጫ የሚወስድበት የፍጻሜው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። በሆኪ አጥቂዎች ሦስት ሦስት እየሆኑ በአራት ምድብ ይከፈላሉ፤ አንዱ ምድብ አንድ ደቂቃ ላልሞላ ጊዜ ነፍሱ እስክትወጣ ሮጦ አጥሩን ዘሎ ወደ አግዳሚው ሲገባ፣ ሌላው ዘሎ ወደ በረዶው ይወጣል። ጨዋታው ሲጠብቅ ግን አሰልጣኞች «አግዳሚ ያሳጥራሉ»፤ ምርጦቹን ብቻ እያመላለሱ የቀሩትን ያስቀምጣሉ። ያን ምሽት የኦረስት አሰልጣኝ አግዳሚውን ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ አሳጠረው። አራተኛው ምድብ ውስጥ የነበረው ኦረስት የራስ ቁሩን እንዳሰረ፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መሐል እንዳቆመ፣ ትከሻው ላይ የምታርፍ የአሰልጣኝ እጅ ሲጠብቅ ሦስቱም ክፍለ ጊዜ አለቀ። ቡድኑ አሸነፈ። ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እሱም ጋ ደረሰ፤ አነሳ፣ ሳቀ፣ ፎቶ ተነሳ። ሆቴሉ ገብቶ ማሊያውን ሲያወልቅ የላብ ሳይሆን የሳሙና ሽታ ሸተተው። ትልቅ ሰው፣ በክርን ሲመቱት ያላለቀሰ ሰውዬ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ስለዚህ የፕሪንግልን የወጣቶች ቡድን ሲረከብ ያወጣው ሕግ አጭር ነበር፤ አራቱም ይወጣሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ከዚያ እንደገና አንድ። ቢመሩም፣ ቢመሩባቸውም። ተጫዋች አጥፍቶ ለሁለት ደቂቃ ከሜዳ ሲወጣ፣ ለዚያች የቅጣት ሰዓት የተለዩ ልጆች አሉ፤ ቅጣቱ ሲያልቅ ግን ተራው ካቆመበት ይቀጥላል። የከተማው ሰው መጀመሪያ ሳቀበት። «ሁዲ ፀጉር ቤት ከፈተ» አሉ፤ «ተራህን ጠብቀህ ትላጫለህ።» ሁዲ የሚሉት እሱን ነው፤ በሆኪ ሰፈር ስሙን ሳያሳጥሩለት የሚኖር ሰው የለም። ሲሸነፍ አጉረመረሙ። ሲያሸንፍም ማጉረምረሙን ለመዱትና ቀጠሉበት።

በስድስተኛው ዓመት ግን ያጉረመረመውም ያላጉረመረመውም አንድ ላይ አበደ። ፕሪንግል ለአውራጃው ፍጻሜ ደረሰ። ከስቶንብሪጅ ጋር ሦስት ለሦስት ተሸናነፉ፤ ሰባተኛው ጨዋታ እዚሁ በገዛ ሜዳቸው ሆነ። ዋንጫው እዚህ ከተማ ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ያኔ ያነሱት ልጆች ዛሬ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚራመዱት።

በዋዜማው የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ለቡድኑ መርጃ ፔሮጊ የሚሉት፣ ድንች የታጨቀበት የተቀቀለ ሊጥ የሚበላበት እራት ነበር። የክለቡ ሊቀ መንበር ሌስ ቶርበርግ ሳህኑን እንደያዘ መጥቶ ኦረስት ጎን ዘፍ አለ። ሌስ ትራክተር ሻጭ ነው፤ ሲያወራም የሞተር ድምፅ ለመብለጥ ነው።

«ሁዲ፣ ስማኝማ።»

«እየበላሁ ነው።»

«እየበላህ ስማ። ቦርዱ ትናንት ተሰብስቦ ነበር።»

«ቦርዱ መቼ ተበትኖ ያውቃል?»

«ቀልዱን ተወው። ነገ ዋንጫውን ካጣን ለከርሞ ሌላ አሰልጣኝ ይመጣል። ተከራክሬልሃለሁ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፤ አልሰሙኝም። እና አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ፤ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አራተኛውን ምድብ አስቀምጥልኝ። በተለይ ኢዛክን።»

ኦረስት ሹካውን አስቀመጠ። «ኢዛክ እኮ አንተው ቤት ነው የሚኖረው!»

እውነት ነው። ከሩቅ የሚመጡትን ልጆች የከተማው ቤተሰብ እየተከፋፈለ ያኖራቸዋል፤ ኢዛክ ፍሪዘን፣ ትከሻው እንደ ጎተራ በር የሰፋው የገበሬ ልጅ፣ ለሌስ የደረሰው ነው።

«እሱማ ልጄ ነው!» አለ ሌስ፣ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እየታገለ። «ማቀዝቀዣዬን ራቁቱን አስቀርቶታል፣ ግን እወደዋለሁ። ጠዋት ሳይነገረው ደጄን ይጠርጋል፣ ለሚስቴ ዕቃ ያጥባል። ግን ፓክ ስትደርሰው አይተኸዋል? እንደ ሰው ዕቃ ነው የሚያያት፤ ቶሎ ለባለቤቷ ለመመለስ ነው የሚቸኩለው።»

«ከአጥር ስር ፈልቅቆ የሚያወጣትስ ማን ነው?»

«ሁዲ!»

«አራቱም ይወጣሉ፣ ሌስ።»

«እንግዲያው ዕቃህን መሸከፍ ጀምር» አለና ሌስ ተነሳ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ፤ የቀረውን ፔሮጊ ኦረስት ሳህን ላይ ገለበጠለት። «ብላ፣ ከስተሃል» አለው እየተቆጣ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናዋን የምትነዳው ሚስቱ ማክሲን ነበረች። ሁሉንም ነገራት። «እንዲህ ከሆነማ ከተባረርክ ቀኑን ሙሉ ቤት ልትውልብኝ ነው» አለች። «ኦረስት፣ በሞቴ አሸንፍልኝ።»

በማግስቱ አዳራሹ ጢም አለ። መቀመጫ ያጣው ደረጃ ላይ፣ ደረጃ ያጣው ሜዳውን የከበበው መስታወት ጥግ ተጣበቀ። ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ የትልቁ ሊግ ተጫዋች መልማዮች ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። የመጡት ለአንድ ልጅ ነው፤ ለአምበሉ ለዌስ ኦኬማው። ዌስ ሐይቁ ማዶ ካለው የክሪ ነባር ሕዝብ ሰፈር የመጣ፣ በሊጉ ውስጥ አቻ የሌለው አጥቂ ነው። ሌላ ቡድን ቢሆን ግማሹን ጨዋታ በረዶ ላይ ይውል ነበር፤ ኦረስት ዘንድ ግን እሱም እንደማንም ተራውን ይጠብቃል። አንድ ቀን እንኳ ሲያኮርፍ ያየው ሰው የለም፤ ምን እንደሚያስብም የሚያውቅ የለም፣ ዌስ ወሬ አይወድም።

የስቶንብሪጅ አሰልጣኝ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ አግዳሚውን አሳጥሮ ስድስት አጥቂዎችን ብቻ እያመላለሰ ነበር። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጋመስ ሁለት ለሁለት ናቸው። የፕሪንግል አራተኛ ምድብ ወጣ። ኢዛክ እንደ ልማዱ አንዱን ከአጥሩ ጋር አላትሞ ፓኳን ፈልቅቆ ወሰደ። ከስቶንብሪጅ አንዱ በዱላው ጠለፈው፤ ዳኛው እጁን አነሳ።

እዚህ ላይ ሆኪ ያልተለመደ ነገር አለው። ዳኛው እጁን ቢያነሳም ፊሽካ የሚነፋው ጥፋት የሠራው ቡድን ፓኳን ሲነካት ነው። እስከዚያ ድረስ የተበደለው ቡድን በረኛውን አስወጥቶ በምትኩ አንድ አጥቂ ይጨምራል። ግቡ ባዶ ቢሆንም ስጋት የለም፤ ባላጋራ እንደነካት ጨዋታው ይቆማልና። በዚያች ሰዓት ሊያገባብህ የሚችል ፍጡር ቢኖር አንተው ራስህ ብቻ ነህ።

የፕሪንግል በረኛ ሮጦ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ኢዛክ ጥግ ላይ ሁለት ሰው ተጭኖታል። ሳያይ፣ ኋላዬ ተከላካይ አለ ብሎ፣ ፓኳን ወደ ኋላ መታት። ተከላካዩ ግን ሊያግዘው ወደ ፊት ቀርቦ ነበር። ፓኳ አጠገቡ አለፈች። የመሐሉን መስመር ተሻገረች። አትቸኩልም፣ አትቆምም። ሁለት ልጆች አሳደዷት፤ በረኛው አግዳሚው ላይ ቆሞ «ኧረ! ኧረ! ኧረ!» ይላል። ሕዝቡም ከእሱ ጋር ጮኸ። ፓኳ የፕሪንግልን ባዶ ግብ መሐሉን ይዛ ገባች።

ከዚያ ከላይ አንድ ድምፅ፣ «ፍሪዘን! ስቶንብሪጅ ስንት ሰጡህ?» አለ።

ሦስት ለሁለት። ኢዛክ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ፎጣ ተከናነበ። የስቶንብሪጁ ልጅ ሁለት ደቂቃ ተቀጣ፤ የቅጣት ምድቡ ወጥቶ ሞከረ፣ አልሆነም። ከዚያ ተራው ካቆመበት ቀጠለ። አንደኛው ወጣ፣ ገባ። ሁለተኛው ወጣ፣ ገባ። ሦስተኛው ወጣ። የቀረው ጊዜ አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ቀጣዩ አራተኛው ነው።

ኦረስት ከልጆቹ ጀርባ ቆሞ አየ። መስታወቱ ማዶ ሌስ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አግዳሚው ጫፍ ላይ ኢዛክ ፎጣውን እንደተከናነበ ነው። አሁን ይህን ልጅ መላክ ግፍ ነው አለ በልቡ፤ ዳግም ቢሳሳትስ? ዕድሜውን ሙሉ የሚሸከመው ነገር ነው። ለልጁ አዝኜ ነው አለ። እንዲያ እያለ፣ ሰው ራሱን ሲያታልል እጁ ይፈጥናልና፣ እጁ ዌስ ትከሻ ላይ አረፈች።

«አንደኛ! ኦኪ፣ ውጡ!»

ዌስ አልተነቃነቀም።

ኦረስት ደግሞ መታው። «ኦኪ! አልሰማኸኝም?»

«ሰምቻለሁ ኮች። ተራው የነሱ ነው።»

«የምናገረው እኔ ነኝ!»

«የተናገርከውም አንተ ነህ» አለ ዌስ፣ ዓይኑን ከበረዶው ሳያነሳ። «ሦስት ዓመት ሙሉ።»

ከግራና ከቀኙ የተቀመጡት ሁለቱ የአንደኛ ምድብ ልጆች ዱላቸውን በጉልበቶቻቸው መሐል አቁመው ከቦታቸው አልተነሱም። የሦስተኛው ምድብ ልጆች ምላሳቸውን አውጥተው ወደ አጥሩ እየመጡ ነው፤ የሚተካቸው አልተነሳም። ዌስ አንገቱን ወደ አግዳሚው ጫፍ አሰገገ።

«ፍሪዚ! ምን ትጠብቃለህ? ፎጣውን ከራስህ ላይ አንሳ፣ ለቅሶ ቤት አይደለም!»

«ዌስ… እኔ እንጃ… አልችልም…»

«ትችላለህ። ብቻ በወዲያኛው ግብ አግባ።»

አግዳሚው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ በሰባተኛ ጨዋታ፣ በአንድ ጎል እየተመሩ። ኢዛክም ሳይወድ ፊቱ ፈታ አለ። ፎጣውን ጥሎ አጥሩን ዘለለ፤ ጓደኞቹም ተከተሉት።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? ኦረስትም አልተቆጣም፤ እጁን ከዌስ ትከሻ ላይ አነሳ። ይህ ልጅ፣ መልማዮች ከላይ እያዩት፣ የገዛ ዕድሉን በጁ ይዞ፣ አልወጣም አለ። በዱላም በጥቅምም የማይገዛ እንቢታ ነው። ኦረስት ስድስት ዓመት ሲደጋግመው የኖረውን ሕግ አሁን ገና ከሌላ ሰው አፍ ሰማው፤ ከራሱ አፍ ሲወጣ እንዲህ ከብዶ አያውቅም ነበር።

አራተኛው ምድብ ጎል አላገባም። ያንን አትጠብቁ፤ እነዚህ ልጆች ጎል ማግባት አይችሉበትም። የሚችሉበትን ግን አደረጉ። የስቶንብሪጅን አምስት ሰዎች በገዛ ክልላቸው ውስጥ አፍነው ያዟቸው። ኢዛክ አንዱን አላተመ፣ ተነስቶ ሌላውን አላተመ፣ ፓኳን ከአጥር ስር እየፈለቀቀ ለጓደኞቹ ሰጠ፣ ደግሞ አላተመ። የስቶንብሪጅ ምርጦች ወጥተው ለመተካት እንኳ ፋታ አጡ፤ ምሽቱን ሙሉ ሲሮጡ ያመሹ እግሮች ከዱ። ኢዛክ እየተንገዳገደ ወደ አግዳሚው ሲመለስ ዌስ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ዘሎ ወጣ። ያኔማ ከፊቱ የቆመው ሰው አልነበረም፤ የደከመ ሰው ጥላ ነበር። ሁለቱን አልፎ ከበረኛው ትከሻ በላይ ሰካት።

ሦስት ለሦስት። ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረውም።

ጭማሪ ሰዓት መጣ፤ ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል። ኦረስት ከዚያ ወዲያ ትዕዛዝ አልሰጠም። እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ልጆቹ ራሳቸው ተራቸውን እየቆጠሩ፣ አንዱ አንዱን እየጎሸመ፣ ወጡ ገቡ። የስቶንብሪጅ ልጆች በጉልበታቸው ተደግፈው ይተነፍሳሉ። በስተመጨረሻ ሦስተኛው ምድብ ላይ ያለው የከተማው ዳቦ ጋጋሪ ልጅ በረኛው መልሷት የተረፈችውን ፓክ እንደምንም ገፍቶ አስገባት። ቆንጆ ጎል አልነበረችም። ፕሪንግል ውስጥ ግን ከሷ የቆነጀች ጎል አለች የሚል ሰው ዛሬም በሰላም ቡናውን አይጠጣም።

የሆነውን ሁሉ መዘርዘር አይቻልም። ጓንትና የራስ ቁር አየሩን ሞላው፤ አዛውንቶች በተራ ጫማቸው በረዶው ላይ ወጥተው ተንሸራተው ወደቁ፣ ወድቀውም ሳቁ። ሌስ ቶርበርግ መጀመሪያ ኢዛክን፣ ቀጥሎ ኦረስትን አቅፎ አነባ። «ኮንትራትህን ነገ ትፈርማለህ! ነገ! ምን ነገ፣ ዛሬ!» ይላል።

የከተማው ሬዲዮ ጋዜጠኛ ቨርን ማይክሮፎኑን ይዞ በረዶው ላይ እየተንፏቀቀ ደረሰ። ድምፁ በአዳራሹም ድምፅ ማጉያ ይሰማል።

«ሁዲ! ያ ጎል በራሳችን ላይ ሲገባ፣ ፍሪዘን ዛሬ ዳግም በረዶ አይረግጥም ብዬ በአየር ላይ ተናግሬ ነበር፤ አፌን ይቁረጠው! አንተ ግን ዓይንህን ሳታሽ ላክኸው። ይህን ልብ ከየት አመጣኸው?»

«እኔ ነግሬያችሁ ነበር!» አለ ሌስ ቀድሞ። «ይህ ሰው ወላዋይ አይደለም!»

ዌስ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ጥያቄውን ሰማ። ጎንበስ አለና በደንብ የታሰረውን የጫማውን ማሰሪያ እንደገና ማሰር ጀመረ። ኦረስት አየውና ገባው፤ ይህ ልጅ እስከ መቃብሩ አይናገርም። ሌሎቹም አይናገሩም። ራስ መነቅነቅ ብቻ በቂ ነበር፤ ከተማው የጀግንነቱን ወሬ ለልጅ ልጅ ሲያወራ ይኖር ነበር።

ኦረስት ማይክሮፎኑን ከቨርን እጅ ወሰደው።

«አልላክሁትም» አለ።

«ምን አልክ?»

«ኢዛክን የላክሁት እኔ አይደለሁም። ፈራሁ። አንደኛው ምድብ ይውጣ ብዬ አዘዝኩ። ዌስን ትከሻውን መታሁት፤ ሁለቴ። የትልቁ ሊግ ሰዎች እዚያ ላይ ተቀምጠው እያዩት፣ ተራው የነሱ ነው ብሎ ቁጭ አለ። ጓደኞቹም ቁጭ አሉ።»

ሌስ አፉን እንደከፈተ ነው። ዌስ ማሰሪያውን ትቶ ቀና አለ፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ኢዛክ ከኋላው ቆሞ አፍንጫውን በማሊያው እጅጌ ይጠርጋል።

«አሥራ አራት ዓመት ተጫውቻለሁ፣ ስድስት ዓመት አሰልጥኛለሁ» አለ ኦረስት፤ ድምፁ ተሰብሮ፣ እንባው እየወረደ፣ ሳይጠርገው። «በዕድሜዬ እንደ ዛሬ ኮርቼ አላውቅም። ልጆቼ እንቢ አሉኝ፣ ቨርን። እንቢ አሉኝ!»